ላ አንጎስቱራ ወይስ ቡዌና ቪስታ? ያን ቀን ያሸነፈው ማን ነው?

የጉለሌው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው እዚሁ መድረክ ላይ አንድ ሰው «ሜክሲኮ ከአሜሪካ ጋር ባደረገችው ጦርነት አንድም ትልቅ ውጊያ አልቀናትም» ብሎ ጻፈና ብዙ ሰው ወደደለት። እኔ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ቢያንስ አንድ ውጊያ አለ፣ እስከ ዛሬ ሁለቱም ወገን «የኛ ድል ነው» የሚሉት። ስለሱ ለብቻው እናውራ። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ስሙ ራሱ አላስማማም። አሜሪካኖች ቡዌና ቪስታ ይሉታል፣ በአቅራቢያው ከነበረ የእርሻ ግቢ ስም ወስደው። ሜክሲኮዎች ላ አንጎስቱራ ይሉታል፣ ጠባቡ ማለፊያ እንደ ማለት ነው። ቦታው ከሳልቲዮ ከተማ በስተደቡብ፣ መንገዱ በተራራና በቦረቦር መሃል የሚጠብበት ላይ ነው። ቀኑ ፌብሩዋሪ 22 እና 23፣ 1847።

መነሻውን ለማያውቅ በአጭሩ። ቴክሳስ በ1845 መጨረሻ ከአሜሪካ ጋር ተቀላቀለች። ድንበሩ ኑዌሴስ ወንዝ ነው ወይስ ሪዮ ግራንዴ የሚለው ግን አላለቀም ነበር። ፕሬዚዳንት ፖልክ ጦር ወደ ሪዮ ግራንዴ ላከ፣ በኤፕሪል 1846 እዚያ ደም ፈሰሰ፣ በሜይ ጦርነት ታወጀ። ጄኔራል ዛካሪ ቴይለር ገፍቶ ሄዶ በሴፕቴምበር ሞንቴሬይን ያዘ። ፖልክ ግን በቴይለር ደስተኛ አልነበረም። ሞንቴሬይ ላይ ለ8 ሳምንት ተኩስ ለማቆም መስማማቱ አናዶታል፣ ከዚያም በላይ ሰውየው በተቃዋሚው በዊግ ፓርቲ ዘንድ ስሙ እየገነነ ነበር። ዋናው ዘመቻ ለጄኔራል ዊንፊልድ ስኮት ተሰጠ፣ በባሕር ቬራክሩዝ ወርዶ ሜክሲኮ ሲቲን እንዲይዝ። ስኮትም ከቴይለር ላይ ውጊያ የለመዱትን ወታደሮች አብዛኞቹን ወሰደበት። ቴይለር ጋ የቀረው 4,700 ገደማ ሰው ነው። አብዛኛው ጥይት ሲተኮስበት አይቶ የማያውቅ በጎ ፈቃደኛ።

አሁን ወደ ሜክሲኮው ጦር መሪ ወደ ጄኔራል ሳንታ አና። ስኮት ይህን ሁሉ የጻፈበት ደብዳቤ መንገድ ላይ ተያዘ፣ ይዞት የሚሄደው መኮንን ተገደለ፣ ወረቀቱ ሳንታ አና እጅ ገባ። የቴይለር ጦር መሳሳቱን በጠላቱ በራሱ እጅ ጽሑፍ አነበበ ማለት ነው። ሳን ሉዊስ ፖቶሲ ላይ ያሰባሰበውን 20,000 ገደማ ሰው ይዞ በጃንዋሪ መጨረሻ ተነሳ። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ደረቅ ምድር ነው። ክረምት ነው፣ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። ብዙዎቹ በአፈሳ የገቡ ገበሬዎች ናቸው፣ ሚስቶቻቸው ዕቃና ሕፃን ተሸክመው ከኋላ ይከተላሉ። ውጊያው ቦታ ሲደርሱ 15,000 ገደማ ቀርተዋል። ገና አንድ ጥይት ሳይተኮስ በብርድ፣ በበሽታና በመክዳት የጠፋው ሰው ብዛት የቴይለርን ጦር ያክላል። ይህን ቁጥር ባሰብኩት ቁጥር ሆዴ ይላወሳል።

በ22 ሳንታ አና እጅ ስጥ አለው፣ ቴይለር እምቢ አለ። ማታ ላይ የሜክሲኮ ቀላል እግረኞች ተራራውን ይዘው ወጡ። በ23 ጠዋት ዋናው ጥቃት መጣ። የአሜሪካ ግራ ክንፍ ፈረሰ። የኢንዲያና ሁለተኛ ሬጅመንት ሮጠ። የሜክሲኮ ፈረሰኞች እስከ እርሻ ግቢው ደረሱ። ሦስት መድፍ ማረኩ፣ ባንዲራ ማረኩ። ማታ ጨለማው ሲወርድ አሜሪካኖች ከጥግ እስከ ጥግ ተገፍተው፣ ከ6 ወይም ከ7 ሰው አንዱ ሞቶ ወይም ቆስሎ ነበር።

ጠዋት ሲነጋ ሜክሲኮዎች የሉም። እሳታቸውን አንድደው ትተው ሌሊት ሄደዋል።

የኔ አቋም ይህ ነው። ፀሐይ እስክትጠልቅ ሜክሲኮ እየመራች ነበር። የተሸነፈችው ሌሊት ነው፣ ያውም በገዛ ጄኔራሏ ውሳኔ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?


ሻምበል ጡረተኛ፦

የጉለሌው ልጅ፣ አጻጻፍህን ወድጄዋለሁ። ነገር ግን «እየመራች ነበር» የሚባለው ኳስ ሜዳ ላይ ነው።

እኔ ዕድሜዬን መድፍ ሥር ነው ያሳለፍኩት። በጦር ትምህርት ቤት የተማርነው ቀላል ነው። ሲነጋ ሜዳው ላይ የቆመው ማን ነው? የሞተውን የሚቀብረው ማን ነው? ሳንታ አና ሳልቲዮን ሊይዝ ነው የመጣው፣ አልያዘም። ቴይለር ማለፊያውን ሊዘጋ ነው የቆመው፣ ዘጋ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። ሦስት መድፍ መማረክ ደስ ይላል፣ ለሕዝብ ማሳያም ይሆናል። ግን መድፍ ማርኮ መንገዱን ያላገኘ ጦር ዓላማውን አልመታም።

የሟቹንም ቁጥር ተመልከት። ከአሜሪካ ወገን 270 ገደማ ሞተ። ከሜክሲኮ ወገን 600 ገደማ ሞቶ ከ1,000 በላይ ቆሰለ፣ ጠፋ የተባለው ደግሞ ወደ 1,800 ነው። የጠፋውን እንተወው፣ ወደ ቤቱ የሄደም አለበት። የሞተው ብቻ ከእጥፍ በላይ ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ፍትሕ ስለሆነ። ያን ማለፊያ የመረጠው ቴይለር አይደለም፣ ምክትሉ ጄኔራል ዉል ነው። ቴይለርማ ጦሩን ፊት ለፊት አጓ ኑዌቫ ላይ አስፍሮት ነበር፣ ሰፊ ሜዳ ላይ። እዚያ ቢያገኙት በሁለት ሰዓት ይከቡት ነበር። በ23 ጠዋት ግራ ክንፉ ሲፈርስም ቴይለር ሜዳው ላይ አልነበረም። የሜክሲኮው ጄኔራል ሚኞን ፈረሰኞች ከኋላ በኩል ከተማዋን እንዳይመቱበት ሰግቶ ሳልቲዮ ነው ያደረው። ሦስት ሰዓት ገደማ ሲመለስ ዉል በተፈታ ጦር መሃል ነበር። የዉልን ስም ዛሬ ማን ያነሳል?


ሰሎሜ ከዳላስ፦

እኔ ታሪክ አዋቂ አይደለሁም፣ ግን ይህን ክር ሳይ ዝም ማለት አቃተኝ። ልጄ እዚህ ቴክሳስ ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል ነው። የቴክሳስ ታሪክ ይማራሉ። አላሞ በሚባለው የምሽግ ውጊያ ላይ አንድ ወር ይቆያሉ ብል ማጋነን አይሆንም። ይህ ጦርነት ሲመጣ ግን ሁለት ገጽ ነው። ሁለት ገጽ! የሜክሲኮ ግማሽ የተቆረጠበት ጦርነት። አጠገቡ የምትቀመጠው ልጅ ደግሞ ቤተሰቦቿ ከኮዋዊላ ናቸው፣ ሳልቲዮ ያለችበት ክፍለ ሀገር። አያቷ የነገሯት ሌላ፣ መጽሐፉ የሚለው ሌላ። ልጄ ቤት መጥቶ «እማ፣ ማን ነው የሚዋሸው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። አንድ ቦታ እንዳነበብኩት ሳንታ አና ሌሊት የሄደው ዋና ከተማው ውስጥ አመፅ ስለተነሳበት ነው። እሱ ከሆነ ተሸነፈ አይባልም፣ ጀርባውን ሊጠብቅ ሄደ እንጂ። ልክ ነው?


የጉለሌው፦

እህቴ ሰሎሜ፣ ይህ ብዙ ቦታ ይጻፋል፣ እኔም መጀመሪያ አምኜው ነበር። ግን ቀኑን አስተያዪው። የፖልኮስ የሚባለው አመፅ ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ የፈነዳው በፌብሩዋሪ መጨረሻ ቀናት ነው፣ ሳንታ አና ጦሩን ከላ አንጎስቱራ ካወጣ በኋላ። በዚያ ዘመን ወሬ በፈረስ ነው የሚሄደው። ያልተነሳ አመፅ ሰምቶ ሊሸሽ አይችልም።

ውጥረቱ ግን ቀድሞ ነበር። ጎሜስ ፋሪያስ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ በጃንዋሪ 1847 ለጦርነቱ ገንዘብ ለማግኘት በቤተ ክርስቲያን ንብረት ላይ አዋጅ አወጣ። ካህናቱም ሀብታሞቹም ተቆጡ። ቬራክሩዝ በጠላት መርከብ ልትከበብ ሳለ የዋና ከተማው ዘብ እርስ በርሱ ተታኮሰ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። በኋላ ሳንታ አናን ወደ መሃል ሀገር ያቻኮለውም እሱ ነው። የ23ቱን ሌሊት ግን አያስረዳም። እሱን የሚያስረዳው ሆድ ነው። ስንቅ አልቋል፣ ውኃ የለም። ጦሩ የመጨረሻ ራሽኑን የበላው ኤንካርናሲዮን ነው፣ አንድ ቀን ሙሉ መንገድ ወደ ኋላ። ቴይለር ከአጓ ኑዌቫ ሲወጣ ግቢውን አቃጥሎ ነው የሄደው። ሳንታ አና ጭሱን ሲያይ ጠላቴ እየሸሸ ነው ብሎ ሰዉ በቂ እረፍትና ውኃ ሳያገኝ አስሮጠው። እኛ ሀገር «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው እዚህ ላይ ደረሰ።


ናሆም የመንገዱ፦

ይህን ለመጻፍ ብዙ አመነታሁ። እኔ ወደ አሜሪካ የመጣሁት በእግርም በአውቶቡስም በሜክሲኮ በኩል ነው፣ ከደቡብ ጫፏ ከታፓቹላ ጀምሬ። ሳልቲዮ ላይ ታምሜ አስራ ምናምን ቀን ተኛሁ። አንድ ሽማግሌ ሰውዬ ነበሩ፣ በፒክ አፕ መኪና ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመላልሱ። ሲሻለኝ ዕቃ በማውረድ አገዝኳቸው። እሑድ አንድ ቀን ከከተማ ወደ ደቡብ ይዘውኝ ወጡ።

መንገዱ ዳር አቆሙና «አንጎስቱራ» አሉኝ። የኔ ስፓኒሽ ያኔ ሃያ ቃል ቢሆን ነው። በእጃቸው እያሳዩ ነው የነገሩኝ። ተራራው በምሥራቅ ነው፣ ግራጫ፣ ሣር እንኳ የሌለው። ከተራራው ሥር መሬቱ ተቆራርጧል፣ አንዱን ቦረቦር ወርደህ ስትወጣ ሌላው ይጠብቅሃል። አፈሩ ነጭ ነው፣ ስትረግጠው እንደ ዱቄት ይቦናል። ነፋሱ ሲመጣ ፊቴን በጃኬቴ ሸፈንኩ። ሰውየው አንድ ጠርሙስ ውኃ ሰጡኝና ስጠጣ ቆመው አዩኝ። ከዚያ ወደ ደቡብ ጠቁመው «ከዚያ መጡ፣ በእግራቸው» አሉኝ። «ያለ ውኃ።» ይህን ቃል አውቀው ነበር፣ ሲን አጓ።

ከዚያ ደረታቸውን መትተው «እዚህ አሸንፈን ነበር» አሉ። ሽማግሌው አለቀሱ አልልም፣ ግን ድምፃቸው ተቀየረ። እኔም ያን መንገድ ከደቡብ ነው የመጣሁት። ስንት ሌሊት ሳይበሉ መሄድ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ሻምበል፣ በክብር ነው የምናገረው፣ ሜዳው ላይ የቀረ ያሸንፋል የሚለው ሕግ ለበላ ሰው የተጻፈ ይመስለኛል። በረሃውን አቋርጦ በባዶ ሆዱ አንድ ቀን ሙሉ ዳገት ላይ የተዋጋ ሰው ተሸነፈ ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም።


ሻምበል ጡረተኛ፦

ናሆም ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወታደሩ ተሸነፈ አላልኩም፣ አልልምም። ያ እግረኛ የሚችለውን ሁሉ አድርጓል። የተሸነፈው የሚመራው ነው። ስንቅ ሳያዘጋጅ 20,000 ሰው በረሃ የሚያስገባ አዛዥ ጦሩን የገደለው ጠላት ሳያየው ነው።

ስለ መድፉ ግን ልናገር፣ የኔ ሙያ ነውና። ያን ቀን አሜሪካኖችን ያተረፋቸው የእግረኛው ጀግንነት ብቻ አይደለም። ቀላል መድፍ ነው። በፈረስ የሚጎተት፣ ተተኩሶ ወዲያው ተነስቶ ሌላ ቦታ የሚተከል። በየቦረቦሩ አፍ ላይ ክፍተት በተፈጠረ ቁጥር ሁለት ሦስት መድፍ እየሮጠ ይደርሳል። የካፒቴን ዋሽንግተን መድፎች መንገዱን ዘጉት። ሌተናንት ኦብራየን እግረኛው ጥሎት ሲሸሽ ከጥቂት መድፎቹ ጋር ብቻውን ቀረ፣ ፈረሶቹም ተኳሾቹም እስኪወድቁ ተኮሰ፣ ከዚያ መድፎቹን ለማራኪው ትቶ ተመለሰ። መድፍ ማስማረክ በኛ ሙያ ውርደት ነው። የሱ ግን ውርደት አይደለም፣ በነዚያ ደቂቃዎች ለሌላው ጊዜ ገዝቷል። አመሻሹ ላይ በጄኔራል ፔሬስ የተመራው የመጨረሻው ጥቃት ሲመጣ ደግሞ የአሜሪካው መድፈኛ ብራክስተን ብራግ ከሩቅ እየጋለበ ደርሶ ጥቂት ሜትር ላይ ተከለና ትንንሽ ብረት የታጨቀበትን ጥይት በቅርቡ ለቀቀባቸው። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ያ ሰልፍ ቆመ።

በሌላው ወገንስ? ሜክሲኮዎቹ ከባድ መድፍ ነበራቸው፣ አንዴ ከተተከለ የማይነቃነቅ። ያን የተኮሱት እነማን እንደነበሩ ታውቃላችሁ? የሳን ፓትሪሲዮ ሰዎች። አብዛኞቹ አየርላንዶች፣ ካቶሊኮች፣ ከአሜሪካ ጦር ከድተው ወደ ሜክሲኮ የገቡ፣ አዛዣቸው ጆን ራይሊ። ከፍ ካለ ቦታ ሆነው የቀድሞ ጓዶቻቸውን ሲመቱ ዋሉ። ከኦብራየን መድፎች ሁለቱን ጎትተው የወሰዱትም እነሱ ናቸው። በሴፕቴምበር 1847 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ የቻፑልቴፔክ ግንብ ውጊያ ቀን 30ዎቹን አንገታቸው ላይ ገመድ አስገብተው ጋሪ ላይ አቆሟቸው። የአሜሪካ ባንዲራ ግንቡ ላይ እስኪሰቀል አስጠብቀው ነው የሰቀሏቸው። ከጦር መክዳት ወንጀል ነው፣ አውቃለሁ። ሰውን ፀሐይ ላይ አቁሞ የገዛ መሞቻውን ማስጠበቅ ግን የወታደር ሥራ አይደለም።


ትዕግስት ፦

ቆይ፣ ስለ ነጭ ባንዲራው ማንም አላነሳም! ለኔ የዚህ ውጊያ ትልቁ ጭቅጭቅ እሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ነው። ዝናብ ወርዶ አባርቷል። የጄፈርሰን ዴቪስ የሚሲሲፒ ሰዎችና የኢንዲያና ሦስተኛ ሬጅመንት በሰፊ የ«V» ፊደል ቅርጽ ተሰልፈው የሜክሲኮን ፈረሰኛ መትተውታል። አዎ፣ ያ ዴቪስ ነው፣ በኋላ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የደቡቦቹ ፕሬዚዳንት የሆነው። እግሩን ቆስሎ ነበር ሲያዋጋ የነበረው። በዚህ ጊዜ የገፋው የሜክሲኮ ቀኝ ክንፍ ተራራው ሥር ታጥሮ ቀረ፣ ብዙ ሺህ ሰው፣ መውጫ የለውም። ድንገት ነጭ ባንዲራ ታየ። ቴይለር ተኩስ አቁሙ አለ። ዉል ራሱ ሊነጋገር ሄደ። በዚያ ፋታ የታጠረው ጦር በተራራው ጥግ ጥግ ሾልኮ ወጣ።

አሜሪካኖች «ማታለል ነው» አሉ። ሜክሲኮዎች ደግሞ ባንዲራው ከላይ አልታዘዘም፣ በትርምሱ መሃል የሆነ ነው አሉ። እኔ የሁለተኛውን አምናለሁ። በዚያ ጭስ ውስጥ ሳንታ አና ያን ያህል ርቆ ያለውን ክንፍ ማየት እንኳ አይችልም። ያ ጦር ባይወጣ ኖሮ ግን ስለ ማን አሸነፈ አናወራም ነበር። ስለዚህ የጉለሌው «እየመራች ነበር» ያልከው ጠዋት ላይ እውነት ነው፣ ስምንት ሰዓት ላይ ግን ሜክሲኮ በአንድ ጨርቅ ነው የዳነችው።


ሰሎሜ ከዳላስ፦

ትዕግስትዬ፣ ይህን አላውቅም ነበር። የሸሹት የኢንዲያና ሰዎችስ ምን ሆኑ? ሮጡ ሲባል ለነሱም አዘንኩ፣ የአስራ ዘጠኝና የሃያ ዓመት ልጆች አይደሉም እንዴ?


ትዕግስት፦

ናቸው እንጂ። እህቴ፣ የነሱ ነገር ራሱን የቻለ ሐዘን ነው። በፈቃዳቸው አይደለም የሮጡት። ኮሎኔላቸው ቦውልስ ተኩስ አቁማችሁ አፈግፍጉ ብሎ አዘዘ። የብርጌዱ አዛዥ ጆሴፍ ሌን ግን ያን ጊዜ ወደ ፊት ሊያስኬዳቸው ነበር። ልምድ የሌለው ሰው ጥይት ሲዘንብበት ጀርባህን አዙር ከተባለ በኋላ መልሶ ማቆም አይቻልም። በኋላ አጣሪ ጉባኤ ተቀምጦ ትእዛዙ የቦውልስ መሆኑን አረጋገጠ፣ ጥፋቱም የችሎታና የማመዛዘን ማነስ እንጂ ፍርሃት አይደለም አለ። ከነሱም ብዙዎቹ ተመልሰው ከሚሲሲፒዎቹ ጎን ተዋግተዋል።

ግን የቴይለር ሪፖርት ቀድሞ ሀገር ደርሶ ነበር። ኢንዲያና «ፈሪዎች» የሚል ስም ተለጠፈባት። ያን ስም ለማጠብ ስንት ዓመት ነው የተከራከሩት! ዴቪስ ጀግና፣ እነሱ ፈሪ። የአንድ ሰው ትእዛዝ ነው የአንድ ክፍለ ሀገር ልጆችን አንገት ያስደፋው። በዚያው ልክ ደግሞ ያለቁትን አስቡ። በመጨረሻው ጥቃት አንድ ቦረቦር ውስጥ ኮሎኔል ሃርዲን፣ ኮሎኔል መኪ እና ሌተናንት ኮሎኔል ሄንሪ ክሌይ ትንሹ አንድ ላይ ወደቁ። የክሌይ አባት ያው በ1844 በምርጫ በፖልክ የተሸነፉት ሄንሪ ክሌይ ናቸው። ቴክሳስን ችኩለን ብንወስድ ጦርነት ይመጣል ብለው ያስጠነቀቁ ሰው። ጦርነቱ መጣ፣ ልጃቸውን በላ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ሌክሲንግተን ላይ ቆመው ጦርነቱን አወገዙ። ዲሴምበር ላይ ደግሞ አዲስ የገባው የኢሊኖይ ተወካይ አብርሃም ሊንከን ፖልክን «ደም የፈሰሰበትን ቦታ አሳየን፣ መሬቱ የማን ነበር?» ብሎ በምክር ቤት ጠየቀ። ሃርዲን በፖለቲካ የሊንከን ተቀናቃኝ ነበር፣ ከዚያው ከኢሊኖይ።


ቢኒያም ኬ፦

ሁላችሁም ደስ የሚል ነው የጻፋችሁት፣ ግን ማን አሸነፈ የሚለውን ከውጊያው ሜዳ ውጪ እንየው። ሁለቱም ድል ያስፈልጋቸው ነበር። ሳንታ አና የተማረኩትን መድፎችና ባንዲራዎች ይዞ ነው ድል አደረግሁ ያለው፣ ከዚያም ዋና ከተማ ገብቶ ሥልጣኑን አጠበቀ። ቴይለር ደግሞ ከስኮት የተሰጠውን ምክር አልፎ ነው ያን ያህል ወደ ፊት የወጣው፣ ሞንቴሬይ ተመልሶ እንዲቀመጥ ነበር የተፈለገው። ቢሸነፍ ኖሮ ይጠየቅበት ነበር። ስላልተሸነፈ በ1848 ፕሬዚዳንት ተመረጠ። አዮዋ ውስጥ እስከ ዛሬ ቡዌና ቪስታ የሚባል አውራጃ አለ፣ ሌላው አውራጃ ሃርዲን ይባላል። ድል የሚባለው ነገር እንዲህ ካርታ ላይ ሲጻፍ ማን ይከራከረዋል?

ለጦርነቱ ውጤት ግን ያ ውጊያ ምንም አልጨመረም ባይ ነኝ። ስኮት በማርች ቬራክሩዝን ያዘ፣ በኤፕሪል 18 ሴሮ ጎርዶ ላይ ሳንታ አናን ሰበረ፣ በሴፕቴምበር ሜክሲኮ ሲቲ ገባ። ቡዌና ቪስታ ባይደረግም ይህ ሁሉ ይሆን ነበር።


የጉለሌው፦

ቢኒ፣ የመጨረሻው ላይ አልስማማም። ሴሮ ጎርዶ ላይ የቆመው ጦር ከላ አንጎስቱራ የተረፈው ነው፣ ከአዲስ ምልምል ጋር ተቀላቅሎ። የሀገሪቱ ምርጥ ወታደር ያን በረሃ ሁለት ጊዜ አቋርጧል፣ ሲሄድና ሲመለስ። መመለሱ ከውጊያው ይብሳል። ሳንታ አና ባይዘምት ኖሮ፣ ወይም ያንን ጦር ይዞ በቀጥታ ወደ ቬራክሩዝ ቢዞር ኖሮ፣ ስኮት ባሕር ዳር ላይ ነበር የሚገጥመው። ስለዚህ ምንም አልጨመረም አትበለኝ።

ሻምበል፣ ከርስዎ ጋር አንድ ቦታ ላይ ተገናኝተናል መሰለኝ። ወታደሩ አልተሸነፈም፣ የመራው ነው ብለዋል። እኔም «በገዛ ጄኔራሏ ውሳኔ» ያልኩት ያንን ነው። ትዕግስት ደግሞ ስለ ከሰዓቱ ልክ ነሽ፣ «እስክትጠልቅ እየመራች ነበር» ያልኩትን አነሳለሁ። ጠዋት መራች፣ ከሰዓት ልትከበብ ነበር፣ ማታ ላይ እንደገና ገፋች።

አንድ ነገር ግን ማናችንም አላነሳንም። የቆሰሉትስ? ሳንታ አና ሲሄድ ሁሉንም ይዞ ሊሄድ አልቻለም። በመንገዱ ላይ፣ በአጓ ኑዌቫና በኤንካርናሲዮን ግቢዎች ውስጥ ተጥለው ቀሩ። አሜሪካኖች በቀጣዮቹ ቀናት ወደ ደቡብ ሲወርዱ ያገኟቸው እነሱን ነው፣ ወለሉ ላይ ተደርድረው፣ ከሞቱት ጋር ተቀላቅለው። ሜዳው ላይ የቀሩትን በጋሪ ወደ ሳልቲዮ አመጧቸው፣ አብያተ ክርስቲያናቱ ሐኪም ቤት ሆኑ። የከተማው ሴቶች የሁለቱንም ወገን ቁስለኛ አጠቡ። ናሆም፣ ያን ጊዜ ሳልቲዮ ታምመህ ስትተኛ ማን ነበር ያስታመመህ?


ናሆም የመንገዱ፦

የሽማግሌው ባለቤት ናቸው። ሾርባ በጠዋትና በማታ ያመጡልኝ ነበር። ገንዘብ ልስጥ ብል እጄን መልሰው ኪሴ ውስጥ ከተቱት። ሰሎሜ፣ ለልጅሽ ንገሪው፣ የዚያች ልጅ አያት የነገሯት ውሸት አይደለም።